የዓሣው ቤት ጉዞና የአህይት ዝምታ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ታላቅ የዓሣ ማሳያ ቤት አሠራ። የመስታወቱን ገንዳ የሞላው ውሃ ከሐይቁ የተጓጓዘው በአህይት ጀርባ ነው። በጋውን ሙሉ ስትመላለስ ጀርባዋ ተልጧል። ያን ሁሉ ውሃ ተሸክማ ግን በውስጡ ዓሣ ሲዋኝ አይታ አታውቅም። አሁን ገብታ ልታይ ቆርጣለች።

አራዊቱ ቤቱን ለመጎብኘት ሾላው ሥር ተሰብስበው የጉዞ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ቀበሮ ነው። ስብሰባውን የከፈተው በአንድ ደንብ ነበር፤ «ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል» አለ። ደንቡ ለማን እንደተበጀ ከአህይት በቀር ሁሉም ገብቶታል። እሷ «ዝም አይነቅዝም» እየተባለች ያደገች ናት።

አያ ጅቦ ዓሣው ታይቶ ነው የሚበላው ወይስ ተበልቶ ነው የሚታየው ብሎ ጠየቀ። ማየት ብቻ መሆኑ ሲነገረው አኮረፈ፤ ብዙ ሥጋ ለስንቅ እንደሚያዝ ሲሰማ ተጽናና። በመጨረሻ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እመት አህይት ስንቁን ትሸከማለች፤ እኛ ስንገባ ደግሞ ደጅ ሆና ዕቃ ትጠብቃለች። ተቃውሞ ያለው?»

አህይትን ንዴት ተናነቃት። ቃል አጥታ ስትንተባተብ ቀበሮ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። እስቲ ይታያችሁ! ውሃው በእሷ ጀርባ መጣ፣ ስንቁም በእሷ ጀርባ ይሄዳል፣ ለእሷ የተረፋት ደጁ ነው። ንዴቱ እስከ ጉዞው ቀን ድረስ አልለቀቃትም።

በጉዞው ዕለት ማለዳ ጫኗት። አህይት ጥቂት ተራምዳ መንገዱ መሐል ተኛችና ተንከባለለች፤ ጭነቱ ተበተነ። አቧራዋን አራግፋ ተነሣች።

«እኔ ከእንግዲህ አልሸከምም። ከእናንተ የሚሸከም ማነው?» አለች።

ጦጣ ሰማይ ሰማዩን አየች። ቀበሮ ጭራውን ላሰ። ጅቦ ዓይኑ ከሥጋው ላይ አልተነሣም። የተነፈሰ አልነበረም።

«ዝም ያለ ተስማምቷል ብላችኋል። እንግዲህ ሁላችሁም ተስማምታችኋል» ብላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሄደች።

ቀበሮ ጠጉሩ እንዳይቆሽሽበት ጭነቱን በሙሉ ለጅቦ አሸከመው። ስንቅ ለጅብ! ጅቦ ወደ ኋላ ቀረት አለና ከቁጥቋጦ ገብቶ ሥጋውን ከነስልቻው ጨረሰ፤ ከዚያም እዚያው ተዘርሮ አንኮራፋ። ሌሎቹ እሱን ሲፈልጉ፣ ካገኙትም በኋላ ሲጣሉ ዋሉ። ከዓሣው ቤት የደረሱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በሩ ሲዘጋ ነው። አያ አንበሶ ደግሞ የዘጋውን በር ለማንም አይከፍትም።

አህይት ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ፊት ቆማ ነበር። ዓሦቹ እሷ በተሸከመችው ውሃ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ አይታ፣ ከደስታዋ ብዛት አልቅሳለች። ስትወጣ ቀበሮን ደጅ አገኘችው።

«እመት አህይት፣ እስቲ ንገሪን፣ ውስጡ ምን ይመስላል?» አላት ተለሳልሶ።

«እኔን ደጅ ብታስቀሩኝ ኖሮ ማን ሊነግረኝ ነበር?» አለችው።

ቀበሮ ዝም አለ። እሷም እንደተስማማ ቆጥራው መንገዷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው በዳይ የተበዳይን ዝምታ እንደ ፈቃድ ስለሚቆጥረው፣ በደል ሲደርስብን በጊዜው አፍ አውጥተን እምቢ ማለት እንደሚገባን ነው።