ሰቅላ ያሰበችው አንጓች

ተረት ተረት! «የንብ ሠራዊት!» በሉ። ሦስት ጊዜ ነው የሚባለው፤ እኔ ሁለት ብቻ ቆጠርኩ። ...እሺ፣ አሁን ሞላ።

ድሮ ድሮ፣ ወንዛችን ከዛሬው በአራት ክንድ ሲሰፋ፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ዓመት ነው። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ድራለች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከደጇ አባቷ የተከለላት አንድ ዋንዛ ቆሟል። ዛፉ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን ሰባት ነው።

አንጓች ቤቷ ሙሉ ሳለ አሳብ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ልጅ ሲያለቅስ ብድግ፣ በሬ ሲታመም ብድግ፣ ጎርፍ ሲመጣ ብድግ ትል ነበር። ቤቱ ጭር ሲል ግን አሳብ መጣ። መጀመሪያ እንደ እንግዳ መጣ፤ ኋላ እንደ ባለቤት ተቀመጠ። ጨው ስትጨምር ታስባለች። በር ስትዘጋ ታስባለች፤ ዘግታም ተመልሳ ታየዋለች።

ባሏ በሞተ በዓመቱ ከሸምበቆ ቀፎ ሠራች። በእበት ለቀለቀችው፤ ንብ እንዲወደው በጢስ አጠነችው። መስከረም ሲጠባ ይዛው ወደ ዋንዛው ሄደች።

ጎረቤቷ ጉልላት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ጉልላት ጉልበተኛ ነው። ዘጠኝ ዛፍ አለው፤ ዓይኑ ግን አሥረኛው ላይ ነው።

«አንጓች እህቴ፣ ነፋሱንስ አስበሽዋል?» አላት።

«የምን ነፋስ?»

«ቀፎ የሚጥለውን ነፋስ ነዋ! እኔ ምን አገባኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው።»

አንጓች ቀፎውን አስቀመጠች። ዛፉን እየዞረች አሰበች። እሷ ስትዞር ቤት የሚፈልግ የንብ መንጋ በላይዋ አለፈና የጉልላት ቀፎ ውስጥ ገባ።

በሁለተኛው መስከረም ቀፎዋን ይዛ ወጣች። ጉልላት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«አንጓች እህቴ፣ ጉንዳኑንስ አስበሽዋል?»

አስቀመጠች። ዞረች። አሰበች። መንጋው አለፈና የጉልላት ቀፎ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ይላል፦ ሁለት መስከረም ባዶውን የከረመ ዛፍ፣ በሦስተኛው የደመራ ማለዳ ቀድሞ ቀፎ ለሰቀለበት ይሆናል። ዛፍ ያለ ንብ አይቆምም ብለው ነው። ጉልላት ይህን ያውቃል። አንጓችም ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ይብስ ታስባለች።

ሦስተኛው መስከረም ጠባ። ቀፎዋን ይዛ ወጣች። ጉልላት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«አንጓች እህቴ፣ ሰውንስ አስበሽዋል? በዚህ ዕድሜሽ ዛፍ ላይ ስትንጠለጠዪ ሰው ምን ይላል?»

ይህችኛዋ ከነፋሱም ከጉንዳኑም ባሰች። አንጓች አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ዛፉን ዞረች። የደመራ ዕለት ጎህ ሲቀድም እየዞረች ነበር።

ከላይ አንድ ነገር ኪኪኪ ብሎ ሳቀ። ቀና ብትል ጦጣ ናት።

«ምን ያስቅሻል፣ እሜቴ ጦጢት?»

«ከትናንት ጀምሮ ስቆጥርሽ ይኸው አርባ አንድ ዙር ዞርሽ። ወደ ላይ ብትሄጂበት ኖሮ ዛሬ ደመና ላይ ነበርሽ።»

«አንቺ ስትዘዪ አታስቢም?»

«አስባለሁ እንጂ! ከያዝኩ በኋላ ግን። በአየር ላይ ያሰበች ጦጣ መሬት ላይ ነው አሳቧን የምትጨርሰው።»

«ቅርንጫፉ ቢሰበርስ?»

«ሌላውን እይዛለኋ! ሰባት አለው። አሁን ነፋስ ይነፍሳል?»

«አይነፍስም።»

«ጉንዳን አለ?»

«የለም።»

«ሰውስ?»

አንጓች ዘወር ብላ አየች። ሰው አለ። አንድ ሰው። ጉልላት ቀፎውን ተሸክሞ በአጥሩ በር እየገባ ነው።

አንጓች ፈጥና አሰበች፤ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም አሳብ አሰበች። የእሷን ገመድ ምስጥ በልቶታል። ጉልላት ደግሞ ክንዱ እንደ ግንድ ነው፤ ከወጣ ቀድሟት ይወጣል። ስለዚህ ከዛፉ ሥር ቁጭ አለችና እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«አልሰቀልሽም?» አለ ጉልላት እየሳቀ።

«ተውኩት፣ አያ ጉልላት። አንተ ስቀል። ግን... ነፋሱንስ አስበኸዋል?»

«የምን ነፋስ?»

«ገመድህ ቀጭን ነው። እኔ ምን አገባኝ፣ ለአንተ ብዬ ነው።»

ጉልላት ገመዱን አየ። እውነትም ቀጭን መሰለው። ቤቱ ሮጦ ወፍራም ገመድ ይዞ መጣ።

«አያ ጉልላት፣ ጉንዳኑንስ አስበኸዋል?»

ጉልላት መሬት መሬቱን አየ። እግሩን በላው። ጉንዳን አልነበረም፤ ግን በላው። ቤቱ ሮጦ አንድ ቁና አመድ አመጣና በዛፉ ሥር ዙሪያውን ነሰነሰ።

«አያ ጉልላት፣ ሰውንስ አስበኸዋል? ምስክር በሌለበት የመበለት ዛፍ ቀማ ቢሉህስ?»

ጉልላት ቀፎውንና ገመዱን መሬት ላይ ጣለ። «ሽማግሌዎቹን ልጥራ! ቀፎዬን ጠብቂልኝ!» ብሎ እየሮጠ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ለሰው የዘራው አሳብ በራሱ ማሳ በቀለ ማለት ይኸው ነው።

አንጓች ቀሚሷን ሰብስባ አሸነፈጠች። በጉልላት ገመድ አንዱ ጫፍ ቀፎዋን አሰረች፤ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጠረች። ከዚያም ወጣች። ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ እሷ ግን ወጣች። አንደኛውን ቅርንጫፍ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ያ የለመደ አሳብ መጣባትና እግሯ ቆመ። ቢወድቅስ? ቢበሉትስ? ቢስቁስ?

«አየር ላይ ነሽ!» ብላ ጮኸች ጦጣ።

አንጓች ወደ ታች አየች። «ለጉንዳኑ አመድ አለ። ለነፋሱ ወፍራም ገመድ አለ። ሰው ደግሞ ይምጣና ይይ፤ እንዲያውም ቶሎ ይምጣ!» አለች። አራተኛው ቅርንጫፍ ላይ ተፈናጠጠች፤ ቀፎዋን ጎትታ ጥብቅ አድርጋ አሰረች።

ጉልላት ሰባት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሲደርስ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ከቅርንጫፍ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ትዘፍናለች። በዚያው ቅጽበት ከወንዙ ማዶ እምምም የሚል ድምፅ ተሰማ። የንብ መንጋው መጣ። ዛፉን አንድ ጊዜ ዞረ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያም የአንጓች ቀፎ ውስጥ ገባ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አባ ወንድይፍራው ምርኩዛቸውን ተደገፉ።

«ቀፎው የማን ነው?»

«የእሷ» አለ ጉልላት።

«ገመዱስ?»

«የ... የእኔ።»

«አመዱስ?»

«የእኔ።»

«እኛን ማን ጠራን?»

«እኔ።»

«ጉልላት ልጄ፣ ይህን ያህል ደግ ጎረቤት መሆንህን እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር!»

ሰባቱም ሳቁ። ጦጣዋም ሳቀች።

«ገመዴስ?» አለ ጉልላት።

«ንብ የገባበት ቀፎ ማሩ ሳይቆረጥ አይፈታም። ሽማግሌ የጠራ ደግሞ ሽማግሌ ያበላል። እኛ ሰባት ነን፤ ቁርስም አልበላንም።»

«አያ ጉልላት፣ ቀፎህን ጠብቄልሃለሁ!» አለች አንጓች ከላይ። «አንድ ሸምበቆ አልጎደለውም!»

ዋንዛው የአንጓች ሆኖ ቀረ። በኅዳር ማሯን ቆረጠች። የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ለጦጣ ሰጠች። ሁለተኛውን ለሦስት ልጆቿ ላከች። ሦስተኛውን በዋንዛ ቅጠል ጠቅልላ ከገመዱ ጋር ለጉልላት ወሰደችለት።

ጉልላት ማሩን ትኩር ብሎ አየው። «አንጓች እህቴ፣ ምን አስበሽ ነው የሰጠሽኝ?»

«ብላው፤ ከዚያ እናስብበታለን» አለችው።

አንጓች ከዚያ በኋላ ማሰብ ተወች ወይ? አልተወችም፤ ውሸት አልነግራችሁም። ግን መጀመሪያ ትሰቅላለች፣ ቀጥላ ከዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የፈለገችውን ያህል ታስባለች። በሚቀጥለው መስከረም ሰባቱም ቅርንጫፎች ላይ ሰባት ቀፎ ተንጠልጥሎ ነበር።

ለዚህ ነው አባቶች «ያሰበ ሲዞር፣ የሰቀለ ማር ቆረጠ» የሚሉት።

ተረቴን ሰቀልኩት፤ ንቡ ጆሯችሁ ይግባ። እኔን ግን አፌን በማር አብሱኝ።