መሃሉ የተዛወረው እጀታ

«አንድ ባለቶርኖ ነበረ» አሉ አባ ኪሮስ።

ይህን ያሉት ወይዘሮ ትርንጎ ጥያቄዋን እንደጨረሰች ነው። የትርንጎ ባል ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። አሁን አንድ ደህና ሰው ላግባሽ ብሏታል፤ እሷም ሰውየውን አልጠላችውም። የልጆቿን አባት መርሳት ግን አልሆነላትም። «አባቴ፣ ሌላ ባል ካገባሁ የፊተኛውን ከልቤ ማውጣት አለብኝ? ካላወጣሁትስ አዲሱን መበደል አይሆንብኝም?» አለቻቸው። የንስሐ አባቷ ናቸው፤ አድርጊም አታድርጊም አላሏትም። ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች፤ እሳቸውም ቀጠሉ።

የሰውየው ሥራ እንጨት ማዞር ነበር። እንጨቱን በቶርኖው ሁለት ሹል ብረቶች መካከል ያስረዋል፤ ማሽኑ ያሽከረክረዋል፤ እሱ ደግሞ መሮውን አስጠግቶ ይልጠዋል። የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ የመዶሻ እጀታ፣ ከእጁ የሚወጣው ሁሉ ክብ ነው። በዚህ ሙያ ዋናው ነገር የእንጨቱን መሃል ማግኘት ነው። መሃሉ ከተገኘ እንጨቱ ፀጥ ብሎ ይዞራል። ከተሳተ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል። ባለቶርኖው መሃል ስቶ አያውቅም ነበር።

ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ድንጋይ ጠራቢ። አባታቸው ሲሞት ታናሹን ድንጋይ እየጠረበ ያሳደገው፣ ለሙያ ያበቃውም እሱ ነው። አንድ ቀን ከግንብ ላይ የተንከባለለ ድንጋይ የታላቅየውን ቀኝ እጅ መታው። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው መጨበጥ እምቢ አሉ። መዶሻ ሲያነሳ ክቡ እጀታ መዳፉ ውስጥ ይዞርበታል፤ መዶሻው ይጋደልና ድንጋዩን በጠርዙ ይመታዋል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከእጁ አምልጦ አጠገቡ ይሠራ የነበረን ሰው ለጥቂት ሳተው። ከዚያ ወዲህ ሥራ መሄድ ተወ።

በሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። መዶሻዎቹን ለባልንጀሮቹ አደለ፤ አንዱን ብቻ ሚስቱ ደብቃ አስቀረች። የዘበኝነት ሥራ ሲፈለግለት «እሺ» አለ። ያን ተስፋ የቆረጠ እሺ የሰሙ ሁሉ እምቢ ቢል ይሻላቸው ነበር።

ታናሽየው ይህን ማየት አልቻለም። እሱ እንጀራው እጀታ መሥራት ሆኖ ለወንድሙ የሚሆን እጀታ እንዴት ይጠፋዋል? ወፈር አድርጎ ሠራለት፤ ዞረ። ቀጠን አድርጎ ሠራለት፤ ዞረ። ጎንና ጎኑን በቢላና በሞረድ ጠፍጠፍ አደረገለት፤ ይኼኛው አልዞረም፤ ነገር ግን ቢላው የተወው ጎርባጣ የእጁን ጠባሳ ላጠውና ደም አወጣ። ወንድሙ «ተወው እንግዲህ» ብሎ እጀታውን መለሰለት። ቢቆጣ ለታናሽየው ይቀለው ነበር፤ ታላቅየው ግን አልተቆጣም።

ባለቶርኖው ማሽኑ ፊት ቆሞ አሰበ። ጣጣው የእጀታው ክብነት ነው። ክብ የሚሆነውም እንጨቱ በአንድ መሃል ብቻ ስለሚዞር ነው። መሃሉን ባዛውረውስ? መጀመሪያ በትክክለኛው መሃል ክብ ካደረገው በኋላ ነጥቡን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ ቢያስረው መሮው አንዱን ጎን ብቻ ይነካል። ወደ ሌላው ጎን ፈቀቅ ቢያደርገው ደግሞ ያኛውን ይነካል። እጀታው ከሁለት ወገን ጠፍጠፍ ይላል፤ ማሽን የላጠው ስለሆነም ልስልስ ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ አይቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የፈራውን ነገር፣ ከመሃል መውጣትን፣ አሁን ሆን ብሎ ሊያደርገው ነው።

አንድ ወይራ ቆርጦ ጀመረ። ክብ አድርጎ ጨረሰውና ፈታው፤ አዲስ ነጥብ ወግቶ መልሶ አሰረው። ማሽኑን ሲያስነሳ ሹሉ ብረት ተንሸራቶ ወደ ድሮው ቀዳዳ ገባ፤ ሁለቱ ነጥቦች ተቀራርበዋል። ደግሞ አሰረው፤ ደግሞ ገባ። በዚህ ጊዜ ተናደደና መጋዝ አንስቶ የእንጨቱን ሁለት ጫፎች ከነቀዳዳቸው ቆርጦ ጣላቸው።

በተቆረጡት ጫፎች ላይ ከመሃል ፈቀቅ ያለ ነጥብ እንደገና ወጋ፤ አሁን ሹሉ አዲሱን ነጥብ ጥርቅ አድርጎ ያዘ። እንጨቱ እየተወዛወዘ ዞረ፤ ጠርዙ ለዓይን እንደ ጥላ ሳሳ፤ ማሽኑ ከነጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ባለቶርኖው ላብ በላብ ሆኖ መሮውን ቀስ አድርጎ አስጠጋ። እየቆረጠ፣ እየሳተ፣ እየቆረጠ፣ አንዱን ጎን ላጠ። አዛውሮ ሌላውንም ላጠ። አቁሞ ሲዳስሰው መዳፍ የሚሞላ፣ ልስልስ ያለ እጀታ ሆኗል። ልቡ ሞቀ።

የቀረው መዶሻው የሚሰካበት አንገቱ ነው። አንገቱ በትክክለኛው መሃል ካልተላጠ መዶሻው ጠምሞ ይቀመጣል። እንጨቱን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ሊመልስ ጫፉን አየ። ነጥቡ የለም። መሃሉ ላይ ያለው በመጋዝ የተቆረጠ ባዶ እንጨት ነው። በግምት አንድ ቦታ ወጋና አሰረው። እንጨቱ ጥቂት ተንገዳገደ፤ ከዚያ ተፈናጥሮ በጆሮው ሥር አለፈና ግድግዳውን መቶ ተሰነጠቀ።

ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። ሰዎች ይህን የማይሠሩት ስለማይሆን ነው፤ እንጨትስ አንድ መሃል ብቻ ነው ያለው፤ አለ በልቡ። ሊተወው ቆረጠ። ተነስቶ ስንጥሩን ሊጥለው ሲያነሳ ግን ዓይኑ ጎኖቹ ላይ አረፈ። ጎኖቹ ምንም አልሆኑም፤ እንዳማሩ ናቸው። የተበላሸው አንገቱ ብቻ ነው።

«ማዛወሩስ ደግ ነበር፤ መጋዙን ለምን አነሳሁ?» አለ ለራሱ።

በማግስቱ ሌላ ወይራ አመጣ። ገና ከማሰሩ በፊት የመሃሉንም፣ የግራና የቀኙንም ነጥብ ጫፎቹ ላይ ወጋ፤ ሹሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዳይንሸራተት አራራቃቸው። የመሃሉን በቀይ እርሳስ ከበበው። ከዚያ በመሃሉ አዞረ፤ በግራው አዞረ፤ በቀኙ አዞረ። እንጨቱ እንደ ፊተኛው ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን አሁን መንቀጥቀጡ እስከ መቼ እንደሆነ ያውቃል። በመጨረሻ ወደ መሃሉ መለሰው። ማሽኑ ሲነሳ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ እንጨቱ ፀጥ ብሎ ዞረ። አንገቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

የወንድሙ ሚስት የደበቀችውን መዶሻ ከአልጋ ሥር አውጥታ ሰጠችው፤ እጀታውን ሰካበት። ታላቅየው እንደ ወትሮው በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያዘው» አለው።

«ደግሞ አመጣህ?»

«ካልሆነ ሁለተኛ አላስቸግርህም።»

ወንድሙን ላለማስቀየም ያህል ተቀበለው። ያን ጊዜ ደካሞቹ ጣቶቹ ጠፍጣፋው ጎን ላይ ተኙ፤ ጠርዙ መዳፉ ውስጥ ገጠመ። ተነስቶ ግቢው ጥግ ወደተቆለለው ድንጋይ ሄደ፤ እነሱም ተከተሉት። አንድ ጊዜ መታ። የመዶሻው ፊት ሙሉ በሙሉ አረፈ። ጠንከር አድርጎ ደገመ። ድንጋዩ እሱ ባሰበው በኩል ተፈለጠ።

«አልዞረም» አለ።

ሚስቱ ግድግዳውን ተደገፈች። ታናሽየው ከአደጋው ቀን ጀምሮ ተጭኖት የነበረ ነገር ከላዩ ወረደለት፤ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሳቀ። ታላቅየው አላያቸውም፤ ድንጋዩን ይጠርብ ነበር። ዘበኝነቱን ለሌላ ሰው ስጡት ብሎ ለቀጣሪዎቹ ላከ፤ ሰኞ ሥራው ላይ ዋለ።

አባ ኪሮስ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ እንጨት አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የዞርሽበት መሃል ሟቹ ባልሽ ነው፤ ቅርጽሽን ያገኘሽው ከእሱ ጋር ነው። ሞት መጥቶ ከዚያ ፈታሽ። አሁን ሌላ ነጥብ መጥቷል። መጀመሪያ ላይ መንቀጥቀጥሽ አይቀርም፤ ልጆች ያኮርፋሉ፣ ጎረቤት ያወራል፤ ጊዜ ሲሰጡት ይበርዳል። አንቺ የጠየቅሽኝ መጋዙን ላንሳ ወይ ብለሽ ነው። አታንሺ። የልጆችሽን አባት ከልብሽ ቆርጠሽ ብትጥዪው፣ ልጆችሽ አባታችን እንዴት ያለ ሰው ነበር ሲሉሽ ምን ልትመልሺላቸው ነው? ስሙን በቤትሽ ጥሪው፤ ሙት ዓመቱን አስቢለት። የጠየቀሽም ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቀው፤ ደህና ሰው ነው ብለሽኛልና አይከፋውም። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ የድሮው ቀዳዳ ይስባል። አዲሱን ሰው ሁልጊዜ ከሟቹ ጋር እያስተያየሽ አታስጨንቂው። የራሱን ቦታ ራቅ አድርገሽ ስጪው።»

ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ታዲያ አባቴ፣ በደል የለብኝም?» አለች።

«የለብሽም» አሏት። «በይ ተነሺ፤ ያን ሰው ብዙ አስጠበቅሽው።»