የአራተኛው በር ጠባቂ

አንድ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ይልቃል ይባላል። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ የሰው ቤት ሲቀባ ይውልና አመሻሽ ላይ እጁን በነጭ ጋዝ አሽቶ ታጥቦ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው አንድ ጌም አለ። ጨዋታው ለማስረዳት አያስቸግርም። አራት በር ያለው ግንብ አለ፤ ጠላት ከአራቱም በኩል ይመጣል፤ አራት ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በስልካቸው አንድ አንድ በር ይጠብቃሉ። አንዱ በር ከተሰበረ ግንቡ አለቀለት ማለት ነው።

አራተኛው በር የይልቃል ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረውም እሱ ነው።

ስልኩ አርጅቷል። ጨዋታው ሲሞቅ እሱም ይሞቅና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይልቃል ጣቱ እስኪቀላ መስታወቱን ይጫነዋል፣ ያራግፈዋል፣ ይለምነዋል፤ ስልኩ ወይ ፍንክች! ከብዙ ልመና በኋላ ሲነቃ ግንቡ ፈርሶ፣ ጓደኞቹ በድምፅ መልእክት እየተቀባበሉ ስድብ ሲያወርዱበት ይደርሳል።

"ስልኬ ነው እኮ!" ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ግን ሰው ያንኑ እውነት በየቀኑ ሲናገር ማመካኛ መምሰሉ አይቀርም።

አንድ ቀን የቡድኑ መሪ ሀያት ደወለችለት። ሀያት መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነገር ማድበስበስ የማትወድ ልጅ ናት።

"ይልቄ፣ እንደምወድህ ታውቃለህ አይደል?" አለችው።

"በዚህ የተጀመረ ነገር መጨረሻው አያምርም" አለ ይልቃል።

"አዎ፣ አያምርም። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ወጣት ማእከል ውስጥ ውድድር አለ። እስከዚያ ስልክ ከለወጥክ በሩ ያንተ ነው። ካልለወጥክ ግን ሌላ ሰው እናስገባለን። መንትዮቹም ተስማምተዋል።" መንትዮቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው በር ጠባቂዎች ናቸው።

እዚህ ላይ "ለጌም ይሄን ያህል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይልቃል ግን ለሥራ ብሎ ወደዚህች ከተማ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ዘመድ የለውም። ቀን አብሮት የሚውለው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አያዋራም። አመሻሽ ላይ ስሙን ጠርተው የሚስቁበት፣ የሚቆጡት፣ ሲታመም "ምነው ጠፋህ?" የሚሉት እነዚህ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አራተኛውን በር ካጣ እነሱንም ማጣቱ ነው።

በማግስቱ ያጠራቀማትን ይዞ ስልክ ቤት ገባ። ገንዘቡ ለአንድ ስልክ ይበቃል። ቢሳሳት ለሁለተኛ ግን አይበቃም።

"ለጌም የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ስልክ ፈልጌ ነበር" አለ።

"ቦታው ደርሰሃል!" አለ ባለሱቁ። አንደበቱ የሚፈታው ደንበኛ ሲያይ ነው። ከመስታወቱ ውስጥ ጀርባው ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያብረቀርቅ ስልክ አወጣ። "ይሄ ለጌም ተብሎ የተሠራ ነው። አራት ካሜራ አለው!"

"የምጫወተው በካሜራው ነው እንዴ?"

"ካሜራውማ ለክብርህ ነው።"

ይልቃል ጨዋታውን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል ሞከረው። እንደ ውኃ ፈሰሰለት። እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ ታወቀው። ግን የመጣው አንዴ ለመግዛት ነውና ፈራ። "ነገ እመለሳለሁ" አለ፤ ባለሱቅ ሁሉ የማያምነው ቃል። "ነገ ላታገኘው ትችላለህ" አለ ባለሱቁ፤ ይሄም ገዢ ሁሉ የማያምነው ቃል ነው። በዚህ ተለያዩ።

ከሱቁ ትይዩ፣ ከደረጃ ሥር፣ የእትዬ ፋንታዬ የስልክ መጠገኛ አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት፤ አምና የቀባት ይልቃል ራሱ ነው። ጎራ አለ።

"እትዬ፣ ለጌም የሚሆን ርካሽና ጥሩ ስልክ የቱ ነው?"

እትዬ ፋንታዬ ማጉያ መነጽራቸውን ሳያወልቁ "አላውቅም" አሉ።

"እንዴት አያውቁም? ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲፈቱ እየዋሉ!"

"የምፈታው የታመመውን ነው። ጤነኛው እኔ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?" ቀና ብለው አዩት። "ይልቅ እኔ ልጠይቅህ። ግድግዳ በደንብ መቀባቱን የምታውቀው መቼ ነው? በቀባህበት ቀን?"

"በተቀባበት ቀንማ ሁሉም ግድግዳ ያምራል" አለ ይልቃል። "አንድ ክረምት ሲያልፍበት ነው የሚታወቀው።"

"ታዲያ ስልኩን በአምስት ደቂቃ ልታውቀው ነው?"

እትዬ ፋንታዬ በእግራቸው አንዲት በርጩማ ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። "ሦስት ቀን ከሥራ መልስ እዚህ ተቀመጥ። የሚመጣውን እይ። የማይመጣውንም እይ።"

ተቀመጠ። ገና በመጀመሪያው ቀን ያ ጀርባው የሚያብረቀርቀው ዓይነት ስልክ መጣ። ባለቤቱ ፊቱ ጠቁሯል። "ሩብ ሰዓት አይሞላም እትዬ፤ እጄን ያቃጥለኝና ይንቀራፈፋል" አለ። እትዬ ፋንታዬ ከፈቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈለት ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነበር። ቀጥሎ ባትሪው እንደ ድፎ ያበጠ መጣ፤ ባለቤቱ ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሲጫወትበት የከረመ ነው። ቀጥሎ መስታወቱ የረገፈ መጣ።

"ወድቆብኝ ነው" አለ ባለቤቱ።

እትዬ ፋንታዬ ስብራቱን አገላብጠው አዩት። "ይሄ የመውደቅ አይደለም፤ የመወርወር ነው። ስንት ለስንት ተሸነፍክ?"

ሰውየው መሬት መሬት እያየ "ሦስት ለባዶ" አለ። ይልቃል ሳቁን በሳል ሸፈነው።

አንዷ ደግሞ "ስልኬ ሞተ" ብላ መጣች። ስልኩ የሞተው ከአምስት ሠርግ ተነሥቶ በተጫነበት ቪዲዮ ነበር። እትዬ ፋንታዬ ግማሹን አስጠፍተው፣ ምንም ሳያስከፍሉ ሸኟት።

እስከ ሦስተኛው ቀን ያ የሚያብረቀርቀው ዓይነት ስልክ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ መጥቷል። ይልቃል የመጣውን ስልክ ሁሉ በሽታ ከእትዬ ፋንታዬ ቀድሞ መናገር ጀምሯል። አንድ ነገር ግን አልገባውም።

"እትዬ፣ የሚመጣውን አየሁ። የማይመጣውን እንዴት ልየው?"

"ከዚህ በርጩማ ላይማ አታየውም። ተነሥና ባጃጅ ተራ ሂድ።"

ባጃጅ ተራ ሾፌሮቹ ወረፋ እየጠበቁ ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። አንደኛው ያንኑ የግንብ ጨዋታ ይዟል። ስልኩ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥጉ የተላጠ፣ ለዓይን የማይሞላ ነበር።

"ወንድሜ፣ ይሄ ስልክ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ዓመት አልፎታል።"

"ጠጋኝ ጋ ወስደኸው ታውቃለህ?"

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ቀና አለ። "ለምን?"

ይልቃል ሦስት ቀን የፈለገውን መልስ በዚህች ቃል አገኘው። "ዛሬ ስንት ሰዓት ተጫወትክበት?" ብሎ ጠየቀ። ሾፌሩም ወረፋው አልንቀሳቀስ ብሎት ከምሳ ጀምሮ እንደሆነ ነገረው። አስፈቅዶ የስልኩን ጀርባ ዳሰሰው። ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም።

ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሾፌሩ የያዘውን ስልክ ስም ሲጠራለት ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ገብቶ አቧራ የለበሰ ካርቶን ይዞ ወጣ። "ይሄን? ማንም አይጠይቀኝም እኮ። እጅህ ላይ ሲያዩት ሰዎች ምን ይላሉ?"

"ምንም አይሉም" አለ ይልቃል፤ ገንዘቡን ከፈለና የተረፈችውን ወደ ኪሱ መለሳት።

ሲያሳያቸው እትዬ ፋንታዬ ስልኩን በመዳፋቸው መዘን አድርገው መለሱለት። "ጥሩ ነው። ግን እወቅ፣ ጥሩ ስልክ አንድ ነገር ያሳጣሃል።"

"ምን ያሳጣኛል?"

"ማመካኛህን።"

ይልቃል ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

እሁድ ደረሰ። በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ቡድኖቹ አራት አራት ሆነው ተደርድረው ተቀመጡ። ሀያት አዲሱን ስልክ ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት።

"ይሄ ምንድን ነው? የጋጣ ቁልፍ ይመስላል!"

"በር ጠባቂ አይደለሁ እንዴ?" አለ ይልቃል፤ መንትዮቹ ሳቁ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ። ሁለተኛውንም። ይልቃል በየመሃሉ የስልኩን ጀርባ ይዳስሳል፤ ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ሦስተኛው ጨዋታ ለፍጻሜ የሚያሳልፍ ነበር። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ጠላት ከአራተኛው በር ፊት ጥቂት ወታደሮች አሳይቶ ሸሸ። ይልቃል ልቡ ሞቀና በሩን ትቶ አባረራቸው። ወጥመድ ነበር። ዋናው ጦር ከግራ ዞሮ ባዶውን በር ሰበረው፤ ግንቡ ተናደ።

የይልቃል አፍ እንደ ልማዱ ተከፈተ። "ስል..." አለና ስልኩን አየው። ስልኩ አልቆመም፣ አልተንቀራፈፈም። ጥፋቱን አንድም ሳያስቀር ጥርት አድርጎ እያሳየው ነው። የእትዬ ፋንታዬ ነገር አሁን ገባው።

"እኔ ነኝ" አለ። "ስልኩ ደህና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩን ኪሱ ከቶ ተነሣ። ፊቱ ፍም መስሏል።

"ወዴት ነው?" አለች ሀያት።

"ሌላ ሰው ታስገቡ የለ? ስልክ ለወጥኩ፤ በሩ ግን ያው ተሰበረ።"

"ቁጭ በል!" አለችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ መሃል ላይ እየጠፋህብን ጎበዝ መሆንህን ሰነፍ መሆንህን እንኳ አናውቅም ነበር። ከአንተ ጋር ገና ዛሬ መጫወታችን ነው። ተሳስተሃል፤ ግን እስከ መጨረሻው ነበርክ። የተሳሳተውን እናሳየዋለን። የጠፋውን ሰው ምን እናደርገዋለን?"

"ሰነፍ መሆንህን ግን ያ አሮጌ ስልክ ደብቆልህ ኖሯል" አለ አንደኛው መንትያ። ይልቃል ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ። ተሸንፎ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሦስተኛ ወጡ፤ በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ኮፍያ ተሰጣቸው፤ ኮፍያቸውን አጥልቀው ጁስ ሊጠጡ አብረው ወጡ።

ሰኞ ከሥራ መልስ ይልቃል ከስልኩ በተረፈችው ገንዘብ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዝቶ፣ ብሩሹን ይዞ እትዬ ፋንታዬ ጋ መጣ። ክረምቱ የመጠገኛዋን ግድግዳ ከታች በኩል ልጦት ነበር፤ እሱ ራሱ የቀባውን። ሳይጠየቅ መፋቅ ጀመረ።

"ስልኩ እንዴት ነው?" አሉት።

"ስልኩ ደህና ነው እትዬ። ጥገና የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ።"

"አንተን መጠገኛ መሣሪያ የለኝም" አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ "ተጫወትና ተማር።" በርጩማዋን በእግራቸው ገፋ አድርገው ለሚቀጥለው ደንበኛ ቦታ ለቀቁ።

ወዳጆቼ፣ ስልክም እንምረጥ ሥራ፣ ጓደኛም እንምረጥ የትዳር አጋር፣ ብዙዎቻችን የምንመርጠው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። በአምስት ደቂቃ ደግሞ ሁሉም ያብረቀርቃል። ሠላሳኛውን ደቂቃ ማወቅ የፈለገ ሰው ከሻጩ ይልቅ ጠጋኙን ይጠይቅ፤ ሲጠቀሙበት የኖሩትንም ሰዎች ይጠይቅ። እኛም ብንሆን በሰው ዘንድ የምንመዘነው በማብረቅረቃችን ሳይሆን እስከ መጨረሻው በመገኘታችን ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ አንድ ነገር አስቡልኝ። በቤታችሁ፣ በሥራችሁ፣ በወዳጆቻችሁ መካከል፣ አንድም ቀን ስላላስቸገራችሁ ብቻ መኖሩን የረሳችሁት ማን አለ?