የአራተኛ ፎቅ በረኛ

እስቲ ስሙኝ፣ ይሄ የኮሚቴ ሰብሳቢያችን አያናድድም? የአራተኛ ፎቅ ልጆች ዝናብ ሲሆን የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ በካልሲ ኳስ ይጫወታሉ። ሕጋቸው የታወቀ ነው። የሰው በር የመታ ይወጣል፣ የጮኸም ይወጣል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ መኩሪያ ኮሪደሩ ላይ ገትረው የተዉት የተበላሸ ፍሪጅ አለ፤ እሱን የመታ ደግሞ በረኛው ያዘበት ማለት ነው።

አንድ እሁድ ጋሽ መኩሪያ ዘለው ወጡና ኳሷን ቀሙ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው አንዱን ጎረምሳ አፋጠጡት።

«ኮሪደር የጋራ ነው! ጨዋታም ዕቃም ክልክል ነው ብዬ በማኅተም ለጥፌያለሁ! የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ንገረኝ። አንድ ሰው ብትደብቅ ኳሷን አታያትም፣ ወላጆቻችሁም ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ!»

ጎረምሳውም ቆጠረላቸው።

«እኔ፣ ናሆም፣ ቃለአብ፣ ከዛ በረኛው።»

«በረኛው ደግሞ የማን ነው?»

ጎረምሳው በአገጩ ወደ ፍሪጁ አሳያቸው።

«የእርስዎ ነዋ፣ ጋሼ! ሁለት ዓመት ሙሉ ክረምት ከበጋ እዚሁ ቆሟል፣ አንድ ቀን ግባ ያለው የለም። እርስዎ እሱን ቤት ያስገቡት፣ እኛም ያኔ እንገባለን።»