ጉብታው ዝቅ አይል፣ ቀይዋ መኪና አትገባ

አንዲት ሴት ነበረች አሉ፤ ዛሬም አለች። ስሟ ሉባባ ነው። ቤቷ ኮምቦልቻ፣ መድኃኒት ቤቷ ደሴ። በየማለዳው በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ትወጣለች፣ በየምሽቱ ትወርዳለች። የሐረጎን መንገድ ያላየ ካለ ልንገረው፦ መንገዱ ተራራውን እንደ መቀነት ይዞረዋል፤ አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ብቅ ይላል። ተሳፋሪው ፌስታሉን ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ሉባባ አትጨፍንም። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ በልቧ ትነዳለች። ኩርባው ሲመጣ ቀኝ እግሯ ወለሉን ይጫናል፤ እጇም ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ወደ ግራ ያዞረዋል። አንድ ቀን አጠገቧ የነበረ ሰውዬ «እህቴ፣ ቦርሳው ምን በደለሽ?» ብሏታል።

ምኞቷ አንድ ነው። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ቀይ መኪና ከደጇ እንድታድርላት። ለሠርግ አይደለም፣ ለእሽቅድምድም አይደለም። ማለዳ አስነስታት ሥራ ልትሄድባት ነው፤ ሰኞም ማክሰኞም።

ዝቅ ያለችው ለምን? ጥያቄው ጥሩ ነው። ውኃ የሞላ ጄሪካን ራስህ ላይ አድርገህ በፍጥነት ዙር፤ ጄሪካኑ ይዞህ ሊወድቅ ይፈልጋል። አሁን አውርደህ በእጅህ አንጠልጥለውና ዙር፤ አደብ ይገዛል። መኪናም እንደዚያው ነው። ክብደቷ ወደ መሬት የቀረበ መኪና ኩርባ ላይ አትንገዳገድም።

ወንድሟ ኑሩ ይህ አይገባውም። «አዲስ ግዢ!» ይላታል። «ኤሌክትሪክ፣ ረጅም፣ ቤንዚን ሰልፍ የማታውቅ!» አንድ እሁድ ማለዳ ነጭ አዲስ መኪና ለማሳያ ተውሶ መጣ። ነጯም ሰፈሩ መግቢያ ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከቁም ነገር ሳትቆጥረው አለፈችና ደጁ ላይ ቆመች። ቀጥሎ አቶ ደርቤ የሚሸጣትን ያገለገለች ቀይ መኪና ይዞ ከጉብታው ወዲያ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሉባባ ሞተሩን እንደ ቀዘቀዘ አስነሳችው፤ የሞቀ ሞተር ገመናውን ይደብቃላ! ጭሱን አየች። ተንበርክካ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ፈለገች። ጎማዎቹ እኩል መበላታቸውን በመዳፏ ዳበሰች። እንከን የለም። መሪውን ጨበጠች።

ከዚያ ወደ ጉብታው ነዳቻት። ክርርርርር!

«ሆዷን! ኧረ ሆዷን!» ብሎ ጮኸ አቶ ደርቤ፣ የወለዳት ይመስል።

ኑሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሉቢ፣ የምትገዢው መኪና ነው ወይስ ባለ ጎማ ምንጣፍ?»

ሉባባ አልሳቀችም። መኪና አስፋልት ዳር ካደረች ጠዋት ስፖኪዮዋ የለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። አቶ ደርቤም «ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቅሻለሁ፤ ካልገባችልሽ ለሌላው ገዢ ቃል አለብኝ» አለ። ቀይዋ ካልገባች ደግሞ ኑሩ ነገ ነጯን ሊያዋውላት ነው። እንግዲህ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዋ አትገባ፣ የሉባባ ልብ አያርፍ።

ጉብታው እንዴት ያን ያህል ረዘመ? ሰፈሩ ራሱ ነው የሠራው። ከየቤቱ ድንጋይ ይዋጣ ተባለ። አንዱ አንድ አመጣ፤ ጎረቤቱ ላለማነስ ትልቅ አመጣ። «በቃ ሞልቷል» ብሎ የማንን ድንጋይ ይመልሱ? የተመለሰበት ሊያኮርፍ ነው! ሁሉም ገባ፣ ሲሚንቶ ለበሰ፣ ኮረብታ ሆነ። ያሠሩት የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም ዶማ አያነሳበትም።

ሉባባ ሄደች። «ሼህ እንድሪስ፣ እባክዎ ጉብታው ትንሽ ዝቅ ይበል።»

«አይሆንም!» አሉ። «ያ ባጃጅ የልጅ ልጄን ጫማ ከእግሯ ላይ ነጥቆ ሄዶ ጫማው መናኸሪያ ነው የተገኘው። እግሯ በመትረፉ አልሐምዱሊላህ! ነገስ?»

«ባጃጁ እኮ በቦዩ ጥግ ሾልኮ ነው የሚያልፈው፤ ጉብታው የሚይዘው እኔን ነው።»

ሼህ እንድሪስ ጢማቸውን ዳበሱ። ይህን ሳያዩት ቀርተው አይደለም። «እንግዲያው ባጃጁን ቀስ አሰኚልኝ። አንዲት ጊዜ በዚህ በር ፊት ቀስ ብሎ ሲያልፍ ባየው፣ ዶማውን የማነሳው እኔ ነኝ።»

ባጃጁ ቀስ አይል፣ ሼህ እንድሪስ እሺ አይሉ፣ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዋ አትገባ፣ የሉባባ ልብ አያርፍ።

በዚያ ሰፈር የሚመላለሰው ባጃጅ አንድ ነው፤ ነጂው ሙሄ ይባላል። ሉባባ ጥላ ሥር አገኘችው። «ሙሄ፣ በአላህ ቀስ በል። አንተ ቀስ ካላልክ ሼህ እንድሪስ እሺ አይሉ፣ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዬ አትገባ።»

«እትዬ ሉባባ፣ እኔ መሮጥ ወድጄ ነው? ዳቦ ጋጋሪዋን ተዋበችን ከነዳቦዋ ጭኜ ስሄድ ከኋላ ትከሻዬን ትደበድበኛለች! ቀስ ካልኩማ "ውረድና እኔ ልንዳው" ነው የምትለኝ። ደግሞ ታደርገዋለች።»

ተዋበች አትታገሥ፣ ባጃጁ ቀስ አይል፣ ሼህ እንድሪስ እሺ አይሉ፣ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዋ አትገባ፣ የሉባባ ልብ አያርፍ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ተዋበች ባዶ ቡሃቃዋን ታቅፋ ደጇ ላይ ቆማለች። ሉባባ ገና «ተዋቡ» ከማለቷ፣ «አውቃለሁ፣ ልትቆጪኝ ነው!» አለቻት። «እስቲ አንቺ ፍረጂ። የመናኸሪያ ሻይ ቤቶች ዳቦዬን የሚወስዱት ተሳፋሪ ሳይበተን ከደረስኩ ነው። ዱቄቱ ደግሞ የሚደርሰኝ ረፍዶ ነው፤ ወፍጮው በጊዜ አይከፈትም። ሊጡን ቶሎ ኩፍ በል ብዬ ልምታው? ሊጥ ዱላ አይፈራም! ሊጡ የበላብኝን ጊዜ ከመንገዱ ላይ ካልቀነስኩ ከየት ላምጣ?»

እውነቷን ነው። እርሾ የራሱ ሰዓት አለው፤ ማንም አያጣድፈውም። የሚጣደፈው ባጃጅ ብቻ ነው።

ወፍጮው አይከፈት፣ ተዋበች አትታገሥ፣ ባጃጁ ቀስ አይል፣ ሼህ እንድሪስ እሺ አይሉ፣ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዋ አትገባ፣ የሉባባ ልብ አያርፍ።

ወፍጮ ቤቱ ከጉብታው ወዲያ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ሉባባ ስትደርስ ባለወፍጮው ጋሽ ይመር ከተዘጋው በር ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ወፍጮውን ይክፈቱልኝ! ወፍጮው ካልተከፈተ ተዋበች አትታገሥ፣ ተዋበች ካልታገሠች ባጃጁ ቀስ አይል፣ ባጃጁ ቀስ ካላለ ሼህ እንድሪስ እሺ አይሉ፣ እሳቸው እሺ ካላሉ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዬ...»

«ቆይ፣ ተንፍሺ» አሏት። «ቁልፉ እናቴ ጋ ነው። በየማለዳው ጉያቸው ከተው "ሐረጎ ካልወሰድከኝ አልሰጥህም" ይሉኛል። ለምኜ ለምኜ ቁልፉን ሳገኝ ቀኑ ይጋመሳል።»

«ታዲያ ለምን አይወስዷቸውም?»

«ሞክሬ! ሚኒባስ ላይ እግራቸው አይወጣም። ተሸክመን እናስገባዎት ብንል "እኔ እህል አይደለሁም፣ አልጫንም!" ብለው ሰው ሰበሰቡብን።»

ሉባባ ከወፍጮው ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ዘለቀች። የጋሽ ይመር እናት እማማ ሐዋ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ወደ ተራራው ያያሉ። ተወልደው ያደጉት እዚያ ላይ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ሐረጎ በዚያች መስኮት ውስጥ ብቻ ቀርታለች።

«ልጄ፣ ከዚህ ይታያል፤ ብርዱ ግን አይደርስም» አሏት። «ፊቴን እንዲነካኝ ነበር የምፈልገው። አንዲት ጊዜ።»

ከመስኮት እያዩ መመኘት ምን እንደሆነ ሉባባም ከኋላ ወንበር ታውቀዋለች። የመጣችበትን ጉዳይ ረስታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

ኑሩ ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው። «ነጯ ምን ትሠራለች!» ብሎ አመጣት። አዲስ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ወንበሯ ሶፋ ነው። እማማ ሐዋ ተደግፈው መጡና እግራቸውን አነሱ። አልደረሰም። ደገሙ፤ አልደረሰም።

«ቆንጆ ናት» አሉ ትንፋሽ አጥሯቸው። «መሰላሏ የት ነው?»

ኑሩ የነጯን በር መልሶ ዘጋ። ጉልበታቸው አይነሳ፣ እማማ ሐዋ ቁልፉን አይሰጡ፣ ወፍጮው አይከፈት፣ ተዋበች አትታገሥ፣ ባጃጁ ቀስ አይል፣ ሼህ እንድሪስ እሺ አይሉ፣ ጉብታው ዝቅ አይል፣ መኪናዋ አትገባ፣ የሉባባ ልብ አያርፍ።

ሉባባ የእማማ ሐዋን ጉልበት አየች። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግራ ቀይዋን አየች። ዝቅ ብላ፣ መሬቱን ልትስም ትንሽ ቀርቷት፣ ቆማለች።

«አቶ ደርቤ!» ብላ ተጣራች። «ያገለገለ መኪና በየቀኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ ሳይሞከር ይገዛል?»

«አይገዛም» አለ አቶ ደርቤ።

«እንግዲያው ሐረጎ ልሞክራት ነው። አንተ ከኋላ።»

ቀይዋን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አስጠጋቻት። እማማ ሐዋ ጀርባቸውን ሰጡና፣ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ቁጭ። እግራቸውን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ማንም አላነሳቸውም፤ ማንም አልጫናቸውም። ከጉያቸው ቁልፉን አወጡና በመስኮት ለልጃቸው ወረወሩለት። «በል ክፈት፣ ይመር! ሰው ዱቄት እየጠበቀ ምን ይገትርሃል?»

ወጡ። የመጀመሪያው ኩርባ ሲመጣ የሉባባ እጅ ዞረ፤ አሁን የዞረው መሪው ነው። መኪናዋ መሬቱን ይዛ፣ ሳትንገዳገድ፣ እሺ ብላ ታጠፈች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሉባባ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ መንገዱን እንዳይጋርድባት ፈርታ ነው።

ከኋላ አቶ ደርቤ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደርሷል። «እማማ፣ ተመችቶዎታል?»

«እኔስ ተመችቶኛል፤ አንተ ነህ እንደ ጃንጥላ የታጠፍከው።»

ከላይ፣ ጉሙ ባህር ዛፉን የሸፈነበት ጋ፣ «እዚህ አቁሚ» አሉ። መስኮቱ ወረደ። ብርዱ ገባ። እማማ ሐዋ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፉና ፊታቸውን ሰጡት። ብዙ ቆዩ። አቶ ደርቤም ከኋላ የደነዘዘ እግሩን ያሻል።

«ለሳምንት የሚበቃኝን ያዝኩ» አሉ በመጨረሻ። «እሁድ ትመለሺያለሽ?»

«መኪናዋ ከደጄ ካደረች፣ እሁድ እሁድ የእርስዎ ነኝ።»

«እኔም ልጄን ቁልፉን አልከለክለውም።»

ሲወርዱ የወፍጮው ድምፅ ከሩቅ ተቀበላቸው። ጉልበታቸው ሳይነሳ እማማ ሐዋ መኪና ገቡ፣ ቁልፉን ሰጡ፣ ወፍጮው ተከፈተ፣ ተዋበችም ከሌላው ቀን ቀድማ ዱቄት አገኘች። ሊጡ ጊዜውን ወስዶ ኩፍ አለ፣ ዳቦው በሰዓቱ ወጣ። ከቀትር በኋላ ተዋበች ባጃጁ ውስጥ ዳቦዋን ታቅፋ ተቀመጠች።

ሙሄ ትከሻውን ለዱላ አዘጋጀ። ዱላ የለም። ዞሮ አያት። «አሞሻል እንዴ?»

«ምን ያሳምመኛል? ገና ጊዜ አለኝ። ቀስ በል፣ ዳቦዬን ታደቅብኛለህ!»

ባጃጁ በሼህ እንድሪስ በር ፊት እንደ ሙሽራ መኪና እየተንሸራሸረ አለፈ። ሼህ እንድሪስ ከወንበራቸው ተነሱ። የልጅ ልጃቸውን ጫማ አዩ፤ ሁለቱም እግሯ ላይ ናቸው። ወደ ቤት ገቡና ዶማ ይዘው ወጡ። ሰፈሩም መዶሻ እያነሳ ተከተላቸው፤ ኑሩ ከሁሉ በፊት እጅጌውን ሰበሰበ።

«ስንት ድንጋይ ነው የጫናችሁበት?» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ዝም ብለህ ቆፍር» አሉት ሼህ እንድሪስ። «አብሽር፣ አያልቅም አይባልም።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሉባባ ቀይዋን ወደ ጉብታው አመጣቻት። አቶ ደርቤ ዓይኑን ሸፈነ። የፊት ጎማ ወጣ፣ ሆዷ አለፈ፣ የኋላ ጎማ ወረደ። ክርርር የሚል አልተሰማም።

ወፍጮው ተከፈተ፣ ተዋበች ታገሠች፣ ባጃጁ ቀስ አለ፣ ሼህ እንድሪስ እሺ አሉ፣ ጉብታው ዝቅ አለ፣ መኪናዋ ገባች። ሉባባ ደጇ ላይ ሞተሩን አጠፋች። ሰዉ ተሰብስቦ ቢጠብቅ፣ አትወርድም።

ኑሩ በመስኮት አጎንብሶ «ሉቢ፣ ደረስሽ እኮ፤ አትወርጂም?» አላት።

«ቆይ እስቲ» አለችው፣ እጇን ከመሪው ሳታነሳ። «ስንት ዓመት ከኋላ ስቀመጥ!»

ተረቴም ገብታ ቆመች። የሰማችሁ ውረዱ፤ በሩን ግን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት።