ያልታሰረው ጫፍ

ድልድይ መንደፍ የሚማር አንድ ሰው ነበረ።

ስለ እሱ የምነግርሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። «መምህር፣ አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ በተመሰገነች ቁጥር ውስጤ ያርራል። ይህን ቅናት ከሆዴ የማወጣው በምን መንገድ ነው?» ብለሽኛል። እንግዲህ ስሚኝ።

ይህ ሰው በአንዲት የቆላ ከተማ፣ በአንድ የንድፍ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የቤቱ ኃላፊ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበሩ። ቁጡ አልነበሩም፤ ምስጋናም አያበዙም። ተለማማጁ የሠራውን ሲያቀርብላቸው መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል፣ የተሳሳተውን በቀይ እርሳስ ይከቡና ይመልሱለታል። እሱም እንደገና ይሠራል። መጀመሪያ የደረጃ መደገፊያ ሰጡት፣ ቀጥሎ የውኃ ታንከር መቆሚያ። ወረቀቱ መጀመሪያ ላይ ቀይ በቀይ ሆኖ ነበር የሚመለስለት፤ እያደር ግን ቀዩ ቀነሰ። አንድ ቀን «ደህና ነው» ይሉኛል ብሎ በተስፋ ይጠብቅ ነበር።

ዓመት ሳይሞላው ሌላ ተለማማጅ መጣና ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። አዲሱ ልጅ ነገር አያበዛም፤ ያልገባው ነገር ሲኖር ግን ተነሥቶ ይጠይቃል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሥራ አቀረበ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩት፤ ቀይ እርሳሱን ሳይጠቀሙበት አስቀመጡና «ደህና ነው» አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊተኛው ተለማማጅ ሰላም አጣ። አዲሱ ልጅ ሲስቅ ይከፋዋል፤ ሲያስነጥስ እንኳ ያናድደዋል። «ምሳ እንብላ» ሲለው «ጠግቤያለሁ» ይልና ሆዱ እየጮኸ ይውላል። ሰዎች ስለ አዲሱ ልጅ ሲጠይቁት «ጎበዝ ነው» ይልና ወዲያው ወሬውን ይቀይራል። ልጁ ሲወጣ ጠብቆ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ንድፍ ማየትም ለመደ። የሚያየው ለመማር አልነበረም፤ ስህተት ፍለጋ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራ ተወሰነ። ፊተኛው ተለማማጅ «ሥራው ለእኔ ይሰጣል» ብሎ ሲጠብቅ ሽማግሌው ለአዲሱ ልጅ ሰጡት። ንድፉ ሊያልቅ ሲል፣ ቢሮው ጭር ባለበት የምሳ ሰዓት ሄዶ አየው። የድልድዩ ብረት በአንድ በኩል ከግንቡ ጋር በብሎን ታስሯል። በሌላው በኩል ግን አልታሰረም፤ ግንቡ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ከፊቱም ክፍተት አለ።

«ረስቶታል» አለ በልቡ። በዚያ ቤት ከገባ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሽማግሌው በቀይ እርሳስ ይከቡታል ብሎ ጠበቀ። አልከበቡትም። እሳቸውም አላዩትም ማለት ነው ብሎ ዝም አለ። ድልድዩ ተሠራ። በተመረቀ ዕለት ሰው ሁሉ ሲሻገር እሱ ወንዙ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ገበያተኞች ሸክማቸውን ይዘው አለፉ፤ ሙሽሮች ታጅበው አለፉ። የእሱ ዓይን ግን ያልታሰረው ጫፍ ላይ ነበር። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። ወደ ቤቱ ሲመለስ እፎይ አላለም፤ ቅር ብሎት ነበር። ቅር ያለው ለምን እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም።

በዓመቱ ከወንዙ ላይኛው በኩል ሌላ ድልድይ ሲታሰብ ሽማግሌው ለእሱ ሰጡት። በዚያው ሰሞን ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ ሩቅ ከተማ መሄድ ነበረባቸው። ሲሰናበቱ እንዲህ አሉት፦

«ስትጨርስ ለሠራተኞቹ ከመስጠትህ በፊት አብሮህ ለሚሠራው ወንድምህ አሳየው። አንድ ሰው ብቻውን ያየው ንድፍ ከዚህ ቤት አይውጣ።»

«እሺ ጋሼ» አለ።

ሥራውን በትጋት ሠራ። ሁለቱንም ጫፍ በወፋፍራም ብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ወረቀቱን ጠቅልሎ ሲነሣ አዲሱ ልጅ ቀና አለና፣ «ጨረስክ? ላየው?» አለው።

ፊተኛው ወረቀቱን እጁ ላይ እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ያ ልጅ በእሱ ሥራ ላይ ሲያጎነብስ፣ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ሲያሳርፍ ታየው። ይህን ሊታገሠው አልቻለም።

«ጋሼ ሳይሄዱ አይተውታል» አለና ወጣ። ንድፉንም ለግንበኞቹና ለበያጆቹ ሰጠ።

ድልድዩ በብርድ ወራት ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ በጋው ጠናና ቆላው እንደ ምድጃ ጋለ። አንድ ቀን ግንቡ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁ ተሰማ። ድልድዩ በእንጨት ታጠረ፤ ማንም እንዳይሻገር ተከለከለ። እንደገና ሳይሠራ ክረምቱ ገባ።

ፊተኛው ተለማማጅ ስንጥቁን ለማየት በሄደበት ቀን አንድ ገበሬ በሬውን እየነዳ መጣ። ድልድዩ መታጠሩን ሲያይ በታች በኩል ወደ ውኃው ገባ። መሀል ሲደርሱ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ሰውየው የዛፍ ሥር ይዞ ወጣ። በሬውን ውኃው ወሰደው። ተለማማጁ ሮጦ ደረሰ፤ ገበሬው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ ድልድይ ምን ሆኖ ነው የተዘጋው፣ ጌታዬ?» አለው።

ተለማማጁ ሊዋሽ ይችል ነበር። «የሠራሁት እኔ ነኝ። አበላሽቼው ነው» አለ።

ገበሬው ቀና ብሎ አየው። አልሰደበውም፣ አልረገመውም። በእጁ የቀረውን ገመድ ጠቅልሎ ተነሣና በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ሽማግሌው ከሕክምና ሲመለሱ የሆነውን ሰሙ። አስጠሩት።

«የወንድምህን ድልድይ ንድፍ አላየህም ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«አንዱ ጫፉ አለመታሰሩንስ?»

«እሱንም አይቻለሁ። የረሳው መስሎኝ ነበር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «የረሳው ከመሰለህ ለምን ዝም አልክ? ሰው እንደሚሻገርበት እያወቅህ?»

ተለማማጁ ያን ዕለት ወንዙ ዳር ቆሞ ምን ይጠብቅ እንደነበር የገባው ገና አሁን ነው።

«ልጄ» አሉት፤ «ስህተት ቢሆን ኖሮ ሰው ያልቅ ነበር። ስህተት ስላልነበረ ደግሞ አንተ ምክንያቱን ሳታውቅ ቀረህ። ‹ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?› ብትለው ከሁለቱም ትድን ነበር። አሁን ሂድና ጠይቀው።»

ከሽማግሌው ክፍል እስከ ልጁ ጠረጴዛ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለእሱ ግን ዳገት ሆነበት። ደርሶ፣ «የድልድይህን አንድ ጫፍ ለምንድነው ሳታስረው የቀረኸው?» አለው።

ልጁ ወንበር ሳበለት። «ብረት ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል» አለው። «ሁለቱንም ጫፍ ካሰርነው መሄጃ ያጣና ግንቡን ይገፋል። አንዱ ሲለቀቅ ግን ወደ ክፍተቱ ይንሸራተታል፤ ሲበርድም ይመለሳል። እኔም አላውቅም ነበር፤ ጋሼን ጠይቄ ነው።»

ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ንድፉን አስተካከሉት። ግንቡ ፈርሶ ተሠራ፤ ሰውም መሻገር ጀመረ። የገበሬው በሬ ግን አልተመለሰም። የዚያ ሰው ቅናትም ቢሆን በዚያ ቀን አልለቀቀውም። ልጁ በተመሰገነ ቁጥር ውስጡ ትንሽ ያርር ነበር። እያረረም ንድፉን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ጠረጴዛ መሄዱን አልተወም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ቅናትን ከሆድ የሚያወጣ መንገድ ጠየቅሽኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ መንገድ አላውቅም። የማውቀው ያ ሰው የተበላሸው ስለቀና አለመሆኑን ነው። የተበላሸው ቅናቱ አፉን ሲዘጋው ዝም ስላለ ነው። ከጎንሽ የምትሠራዋ ልጅ ወረቀት ላይ ስህተት የሚመስልሽ ነገር ካለ፣ ወይ እሷ አልገባትም፣ ወይ አንቺ አልገባሽም። የትኛው እንደሆነ ዝም ብለሽ አታውቂውም። ሆድሽ እስኪበርድ አትጠብቂ። እያረርሽ ሂጂና ጠይቂያት።