ሰዓት የሚጠያየቁት ኮምፒውተሮች

እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ እኔ እንደሆን ደክሞኛል፣ ቆሜ አላወራም። በሆስፒታላችን የኮምፒውተሮቹን ሰዓት የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰዓቱ ልክ ሲሆን ማንም አያውቀኝም፤ ሲሳሳት ግን ስሜን የማይጠራ የለም።

አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ባላቸውን ጋሽ ድንበሩን ደግፈው ለኩላሊት እጥበት መጡ። የፈለጉት አንዲት የተራ ቁጥር ብቻ ነው። የጋሽ ድንበሩ እግር አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ያለ ቁጥር ደግሞ አልጋ የለም። የተራ ማሽኑን ቢጫኑት፣ «ገና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ አልሰጥም» አለ። ኧረ ጉድ! ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ሞልቷል እኮ!

ማሽኑ ቁጥር አልሰጥ አለ። እትዬ አስካለ መዝገብ ቤት ወዳለው ወደ ሙላው ሄዱ። «እናቴ፣ ማሽኑ ሰዓት የሚጠይቀው የእኔን ኮምፒውተር ነው፤ የእኔው ደግሞ የፋርማሲውን ይጠይቃል። ምን ላድርግ?» አላቸው።

ማሽኑ ቁጥር አልሰጥ አለ፤ መዝገብ ቤቱ ማሽኑን አላርም አለ። ፋርማሲ ወዳለችው ወደ ነጃት ሄዱ። «የእኔ የሚጠይቀው ትልቁን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን ነው። ታች ኮምፒውተር ክፍል ውረዱ» አለቻቸው።

እኔ ዘንድ ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸዋል። «ልጄ፣ ማሽኑ ቁጥር አልሰጥ አለኝ፤ መዝገብ ቤቱ ማሽኑን አላርም አለ፤ ፋርማሲው መዝገብ ቤቱን አላርም አለ፤ ያንቺስ ሰርቨር ፋርማሲውን የማያርመው ምን ሆኖ ነው?»

«እትዬ፣ ሰርቨሩ የሚጠይቀው በኢንተርኔት ውጭ ያለውን ትክክለኛ ሰዓት ነው። ይኸው የአሠራር ሰነዱም እንዲህ ይላል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«ሰነዱ ያሻውን ይበል። አንቺ እስቲ ራሱን ጠይቂው።»

ጠየቅኩት። «ሰዓት የምትጠይቀው ማንን ነው?» «የተራ ማሽኑን!» አለኝ።

ክው አልኩ። ከአምስት ወር በፊት መንገድ ቆፋሪዎች የውጭውን መስመር ሲበጥሱት፣ ሰርቨሩን «ለዛሬ ብቻ የተራ ማሽኑን ጠይቅ» ያልኩት እኔው ነኝ። መስመሩ በማግስቱ ተቀጠለ። እኔ ግን ነገ እመልሰዋለሁ፣ ነገ እጽፈዋለሁ እያልኩ ረሳሁት። የማሽኑ ባትሪ ደግሞ ሞቷል፤ ሌሊቱን መብራት ለሦስት ሰዓት ሲጠፋ የእሱም ሰዓት አብሮ ቆመ።

እንግዲህ ማሽኑ ቁጥር አልሰጥ አለ፤ መዝገብ ቤቱ ማሽኑን አላርም አለ፤ ፋርማሲው መዝገብ ቤቱን አላርም አለ፤ ሰርቨሩ ፋርማሲውን አላርም አለ፤ ሰርቨሩን ያላረምኩት ደግሞ እኔ!

ምን እላለሁ? ሰርቨሩን ወደ ውጭው ሰዓት መልሼ አረምኩት። ሰርቨሩ ፋርማሲውን አረመ፤ ፋርማሲው መዝገብ ቤቱን አረመ፤ መዝገብ ቤቱ ማሽኑን አረመ፤ ማሽኑም ቁጥር አራትን ሰጠ። ጋሽ ድንበሩ አልጋቸው ላይ ወጡ።

«ከረሳሽው ስንት ጊዜ ሆነ አልሽኝ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«አምስት ወር።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ባላቸው አልጋ ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳም አልበላሁም፤ ሰነዱን ከፍቼ ያደረግኩትን ከነቀኑ፣ ከነስሜ ጻፍኩ።

ወሬዬ ይኸው ነው፤ እናንተም ወደ ቤታችሁ፣ እኔም ወደ ሰርቨሬ።